ጥለት ፊደል ሲበላ

ጠቤ ከጥለት ጋር አይደለም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ "ባህል ጠል" የሚል ታፔላ ሊለጥፉብኝ ለሚቸኩሉ ወገኖች ነው። ጥለት ያማረ ነገር ነው። የብራና መጻሕፍት ሐረግም ያማረ ነው፤ የሐረር ሴቶች ስፌትም እንዲሁ። ጠቤ እነዚህን ሁሉ ቆራርጦ ኮምፒውተር ውስጥ ካስገባ በኋላ በድረ ገጽ ላይ ከጽሑፍ ሥር እንደ ሰሌን ከሚያነጥፈው እጅ ጋር ነው።

ነገሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንባቢ ሆይ፣ የእጅ ስልክዎን ያውጡና የአንዱን ሆቴል፣ የአንዱን አስጎብኚ ድርጅት ወይም የአንዱን የባህል ማኅበር ድረ ገጽ ይክፈቱ። የእንቁጣጣሽ ወይም የገና ሰሞን ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይመረጣል። መጀመሪያ የሚቀበልዎ ጥለት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ወርቃማ፤ አልማዝ መሳይ ቅርጽ ውስጥ መስቀል፣ ከመስቀሉ ጎን የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር፤ ከግራ እስከ ቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች። ጣትዎ እስኪዝል ቢጎትቱትም አያልቅም። በዚያ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ተጥሏል። "ስለ እኛ" ይላል ርዕሱ፤ ወይም የሚል ይመስላል። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ታግለው ያነባሉ፤ ዓይንዎ ውኃ ያቀርራል፤ ይተዉታል። ባለቤቱም ጎብኚ መጣልኝ ብሎ ይቆጥርዎታል።

"እንዲያው ለጥቂት ጌጥ ይህን ያህል ምን አስጮኸህ?" የሚለኝ ይኖራል። የፊደላችንን ጠባይ ልብ ያለ ሰው ግን ጉዳዩ ከማማርና ካለማማር እንደሚያልፍ ያውቃል። የእንግሊዝኛው ፊደል ሃያ ስድስት ነው፤ ትልቁንና ትንሹን ለየብቻ ቢቆጥሩት እንኳ ሃምሳ ሁለት። የእኛው ሠላሳ ሦስት ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ይመጣል፤ ዲቃሎቹን ሳንጨምር። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙውን ጊዜ አንዲት ጭረት ናት። "በ" ወገቧ ላይ ትንሽ ቅጥል ስታወጣ "ቡ" ትሆናለች፤ ቅጥሉ ወደ እግሯ ሲወርድ "ቢ" ትሆናለች። "ነ" አናቷ ላይ ሰረዝ ሲጫንባት "ኘ"፣ "ተ" ሲጫንባት "ቸ" ትሆናለች። ጥለት ደግሞ ምንድን ነው? አግድም ሰረዝ ነው፤ ቋሚ ሰረዝ ነው፤ አነስተኛ መስቀልና አነስተኛ ጥርስ ነው። ፊደላችን ከተሠራበት ቅርጽ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱን አንዱን በአንዱ ላይ ስታስተኛቸው ዓይን የትኛው ጭረት የፊደሉ፣ የትኛው የጌጡ እንደሆነ በምን ይለይ?

አንድ ምሳሌ ይበቃኛል። "መሬቱን ለወንድሙ ሰጠ" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል። ከመደቡ ጥለት አንዲት ጠቆር ያለች አግድም ክር በ"ሰ" አናት ላይ ብታልፍ "መሬቱን ለወንድሙ ሸጠ" ተብሎ ይነበባል። ይህ ቤተ ዘመድ ሸንጎ የሚያስቀምጥ፣ ሲብስም ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ልዩነት ነው።

ጥለቱ ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ሥርዓተ ነጥባችን ያረፈው በነጥብ ላይ ነው። ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፣ ሁሉም ነጥብና አጭር ጭረት ናቸው። ነጠብጣብ በተዘራበት መደብ ላይ ያለ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ለመሆኑ ከጽሑፍ ሥር ጥለት መንዛት ሆን ተብሎ፣ ታስቦበት የሚደረግበት ቦታ የለም ወይ? አለ እንጂ። አንዱ የገንዘብ ኖት ነው። ኪስዎ ውስጥ ያለውን ብር አውጥተው ቢመለከቱት፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ይፋ የሆኑት አዳዲሶቹ ኖቶች ከሆኑም እንኳ፣ ከጽሑፉና ከቁጥሩ ዙሪያና ሥር እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ያገኛሉ። ቼክም እንደዚሁ ነው። ብዙ የምስክር ወረቀትም እንደዚሁ ነው። የእነዚህ መስመሮች የመጀመሪያ ሥራ ማስጌጥ አይደለም። ገልባጭ በቀላሉ እንዳይገለብጥ፣ ፋቂ አንዱን ቁጥር ፍቆ ሌላ እንዳይተካ፣ ዓይንንም መሣሪያንም ማደናገር ነው። ሌላው ቦታ ደግሞ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ምስጢር ያለበትን ደብዳቤ የሚልኩበት ፖስታ ነው። ውስጡን ገልበጥ አድርገው ቢያዩት በደቃቅ ጥለት የተሞላ ነው። ለምን ቢሉ፣ አንድ የሰው ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ፖስታውን ወደ ብርሃን ቢያነሣው እንኳ ደብዳቤውን ማንበብ እንዳይችል ነው።

እንግዲህ አስቡት። ማተሚያ ቤቶች ጽሑፍ እንዳይነበብ ሲፈልጉ ደቃቅ ጥለት ያነጥፉበታል። የእኛ የድረ ገጽ ባለሙያ ጽሑፉ እንዲነበብለት ሲፈልግ የሚያደርገውም ያንኑ ነው!

እርግጥ ነው ይህን በሽታ እኛ አልፈጠርነውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድረ ገጽ ሁሉ ግራጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኔትስኬፕ 1.1 የተባለው ማሰሻ ነው አንዲት ትንሽ ሥዕል ወስዶ፣ እንደ ወለል ሸክላ ጎን ለጎንና ከላይ ወደ ታች እየደጋገመ፣ ገጹን በሙሉ የሚያለብስ ትእዛዝ ይዞ የመጣው። ያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ መስመር እየተንፏቀቀ ነውና ትልቅ ሥዕል መላክ የማይታሰብ ነበር። ትንሿን አንዴ ልኮ ማሰሻው ራሱ መቶ ጊዜ እንዲደጋግማት ማድረግ ግን ምንም አያስከፍልም። ብልሃቱ ብልሃት ነበር፤ አልክድም። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው! እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ጂኦሲቲስ ለማንኛውም ሰው ነጻ ገጽ ይሰጥ ነበርና ሕዝቡ ገጹን ኮከብ በተዘራበት ሰማይ፣ በእብነ በረድና በጡብ ግንብ አለበሰው። ያሁ እ.ኤ.አ. በ1999 ገዝቶት በ2009 አሜሪካ ያለውን ዘጋው። የኢንተርኔት ሠዓሊዋ ኦሊያ ሊያሊና እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ጽሑፍ ያን ጊዜ የተራ ሰዎች ድረ ገጽ የራሱ ቋንቋ እንደነበረው አድርጋ፣ በፍቅር ጭምር አስታውሳዋለች። በዚህ ከእርሷ ጋር ነኝ። ያ የሰው ቤት ነበር። አንድ ሰው የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በኮከብ ወረቀት ቢለጥፈው ምን አገባኝ? እንግዳ የሚመጣውም ወዶ ነው። የጉዞ ዋጋ፣ የፈተና ቀን፣ የሐኪም ቤት አድራሻ የሚፈለግበት ገጽ ግን መኝታ ቤት አይደለም።

በእኛ ላይ ነገሩ የበለጠ የሚያንገበግብበት ሌላ ምክንያት አለ። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ የዓለም ኮምፒውተሮች የሚያውቁት ቁጥር የተሰጠው ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1999፣ በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ስሌት ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የጥያቄ ምልክትና የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው ተስፋ ቆርጦ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አንሥቶ ይለጥፈው ነበር። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ፊደሉ በየሰው ኮምፒውተርና በየሰው ስልክ ላይ እስኪገባ ስንት ዓመት አራት ማዕዘን ሳጥን ስናይ ኖረናል። ይህን ሁሉ መከራ ያየ ፊደል በመጨረሻ ጥርት ብሎ ስክሪን ላይ ወጣ። እኛም እልል ብለን ተቀበልነውና ጥለት አነጠፍንበት።

ወደ ጥለቱ ወደ ራሱ ልመለስ። ድረ ገጽ ስንል "ድር" የሚለውን ቃል ያገኘነው ከሸረሪት ቢሆንም፣ ሸማኔም ድርና ማግ የሚለው ቃል አለውና ዘመድነታችን ከጉድጓዱ ሸማኔ ጋር ነው። ታዲያ ዘመዳችን ጥለቱን የት ነው የሚያስቀምጠው? አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ወጣ ብሎ የተዘረጋውን ነጠላ አይቶ መመለስ ይበቃል። ነጠላው ነጭ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው። ጥለቱ ያለው ጠርዝ ላይ ነው። ሸማኔው ነጩን መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ይሄድበታል፤ ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን እያንዳንዷን ባለቀለም ክር በጣቱ እየለቀመ፣ እየቆጠረ ነው የሚያስገባት። ጥለት አድካሚ ነው። ስለዚህም ቦታውን ያውቃል። የቀሚሱ ጥለት ከደረት ወርዶ፣ ከታች ዞሮ ያቆማል። ጋቢማ ጌጥ ከነጭራሹ የሌለው ወይም ለምልክት ያህል ብቻ ያለው ሆኖ ማንም "ጋቢህ ኢትዮጵያዊነት ይጎድለዋል" ያለው የለም።

ቦታው እንዲሁ ለይምሰል የተመረጠ አይደለም። የጥለቱ ቦታ ትርጉም አለው። ሰው በደኅና ቀን ነጠላውን ሲለብስ ጥለቱን ወደ ታች ይለቀዋል። ለቅሶ ሲሄድ ግን አዙሮ ጥለቱን ወደ ትከሻውና ወደ አንገቱ ያመጣዋል። መንገድ ላይ ያየው ሰው ጠጋ ብሎ "ምን ሆናችሁ?" ይለዋል። አንድ ጨርቅ፣ አንድ ጥለት፤ ቦታው ሲለወጥ ነገሩ ይለወጣል። በዚህ ዓይነት ጥለትን በየትም ቦታ፣ በሁሉም ቦታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንጠፍ ምን የሚል መልእክት ይኖረዋል? ምንም። ሁሉ ቦታ ያለ ነገር አንድም ቦታ የለም።

"አሁን እኮ ጠቅላላው ጥለት የሆነ ቀሚስም ይሠራል" ይሉኛል። ይሠራል፤ አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ያምራልም። ቀሚስ ግን አይነበብም።

የሚነበበውንስ አባቶች እንዴት ሠሩት? ብራና ጸሐፊውን እንይ። ቁም ጸሐፊ የሚባለው ሰው መጀመሪያ ብራናውን ያለሰልሳል፤ ከዚያ መስመር ያሰምራል። መስመሩን የሚያሰምረው ግን በቀለም አይደለም። በወስፌ ዳርና ዳሩን ነጥቦ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ብራናውን ጫን ብሎ ይጭረዋል። ሲጠጉት የሚታይ፣ ራቅ ሲሉት የሚጠፋ ስርጉድ መስመር ነው። ለምን በቀለም አላሰመረም? ቀለም አጥቶ አይደለም። ከፊደሉ ሥር ፊደሉን የሚሻማ ምንም ነገር እንዲኖር ስላልፈለገ ነው ብዬ ነው የምተረጉመው። ከዚያ ጥቁሩን ጥቁር፣ የቅዱሳንን ስምና የምዕራፉን መጀመሪያ ቀይ እያደረገ ይጽፋል። ሐረጉን የሚስለው ከገጹ አናት ላይ ነው፤ ሲወርድም በዓምዶቹ ዳርና በመካከላቸው ነው። ዘንጉን እንደ ወይን ግንድ ያስረዝመዋል፣ ይጠልፈዋል፣ ያጋምደዋል፤ ጥበቡን ሁሉ ያሳይበታል። ፊደል ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን ይቆማል።

ከዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ሲመረመሩ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የአራቱ ወንጌላውያን ቁጥሮች የሚነጻጸሩበት ሰንጠረዥ አለ። ሠዓሊው ለሰንጠረዡ ዓምድ አቁሞለታል፤ በዓምዱ ላይ ቅስት ደፍቶለታል፤ ዓምዱን በቀለም አዥጎርጉሮታል፤ ከቅስቱ በላይ ወፍ አስቀምጧል። ቁጥሮቹ ያሉት ግን በዓምዶቹ መካከል፣ ባዶ ብራና ላይ ነው። ቤት ሠርቶ ለእንግዳው ክፍሉን ባዶ አድርጎ ትቶለታል ማለት ነው። ቢያንስ የ1,300 ዓመት ዕድሜ ያለው የገጽ ዲዛይን ነው እንግዲህ ይህ። ሌላው ቀርቶ ሰይጣንን ያስደነግጣል ተብሎ የሚዘጋጀው የክታብ ጥቅል፣ ዓይኑን ያፈጠጠው ጠልሰም እንኳ የራሱ ሳጥን አለው። ጸሎቱ ከበታቹ፣ በራሱ ቦታ፣ በንጹሕ ብራና ላይ ይጻፋል። ደብተራው የሰይጣንን ዓይን ያደናግራል እንጂ የአንባቢን ዓይን አያደናግርም።

ስለዚህ "ነጭ ገጽ የፈረንጅ ነው፤ ባዶነት የእኛ አይደለም" የሚለው ክርክር ለእኔ አይገባኝም። ነጭ ከእኛ ወዲያ ለማን? ነጠላው ነጭ፣ ጋቢው ነጭ፣ ኩታው ነጭ፣ ብራናው ነጣ ያለ። በዓል የምናከብረው በነጭ ነው። ያንን ነጭ የሚያደምቀው ጠርዙ ላይ ያለው ጥለት ነው፤ ጥለቱንም የሚያደምቀው ነጩ ነው። የጌጥ ጠላቶች ካስፈለጉ ፈረንጅ አገር አሉ። የቪየናው አርክቴክት አዶልፍ ሎስ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጌጥን ከወንጀል ጋር አጣምሮ ንግግር አድርጓል፤ በዚያው አፉ ፊታቸውንና አካላቸውን የሚነቀሱትን የፓፑዋ ሰዎች እንደ ኋላ ቀር ቆጥሯቸዋል። እኔ የእርሱ ወገን አይደለሁም። አያቶቻችን አንገታቸውን በንቅሳት ያስጌጡ አገር ልጅ ሆኜ ጌጥ ወንጀል ነው ብል ማን ይሰማኛል?

ታዲያ ባህል ካልሆነ ነገሩ ምንድን ነው? ይህን የነገረኝ አንድ ሥራ አስኪያጅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው ድርጅት ለድረ ገጹ የሚሆን ጽሑፍ አዘዘኝ። ስለ አሮጌ የአዲስ አበባ ቤቶች ነበር። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት፤ ሽማግሌ አነጋገርኩ፤ ሰፈር ለሰፈር ዞርኩ። ሲወጣ ከፈትኩት። ደማቅ ቀይ ጥለት ላይ ጥቁር ፊደል። የራሴን ጽሑፍ የማስታውሰው ስለሆነ ብቻ አነበብኩት። ደወልኩ። ሰውየው አልተቆጣም፤ እንዲያውም አጽናናኝ። "አይዞህ ወንድሜ፣ ጽሑፉን ማን ያነበዋል ብለህ ነው? ዋናው ነገር ሲከፈት ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ መሽተቱ ነው" አለኝ። ሒሳቤን ግን በጊዜው ከፈለኝ፤ ይህንም መናገር አለብኝ።

የሰውየውን ቅንነት አልጠራጠርም። የሚያስፈራኝም ቅንነቱ ነው። "ጽሑፉን ማን ያነበዋል?" የሚለው ጥያቄ ከጥለቱ በፊት ይመጣል፤ ጥለቱ የሚነጠፈው መልሱ "ማንም" ከሆነ በኋላ ነው። አማርኛው በዚያ ገጽ ላይ የቆመው ለመነበብ አይደለም። እርሱም እንደ ጥለቱ ጌጥ ሆኗል፤ ሁለት ጌጥ ተደራርቦ ተቀምጧል።

ከዚህም የባሰ አለ። ከላይ እስከ ታች ጥለት የለበሱ፣ ከዳር እስከ ዳር "ባህላችን ኩራታችን" የሚሉ የአገር ውስጥ ተቋማት ገጾች ሲከፈቱ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የማይገኝባቸው አሉ። ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሌላም የለም። እንግሊዝኛ ብቻ። ጥለቱ የአገሬው፣ ቃሉ የባዕድ። ጥለቱ ያለው ጎደሎውን ለመሸፈን ነው ብል አጋነንኩ? ጽሑፍ ወደ አገር ቋንቋ መመለስ ሰው ይጠይቃል፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አርታዒ ይጠይቃል። ጥለት ግን አንዲት ቁራጭ ፎቶ ናት፤ ኮምፒውተሩ በነጻ ይደጋግማታል። ሸማኔው ክር ሲያልቅበት፣ ወገቡ ሲዝል ያቆማል፤ ኮምፒውተሩ አይደክመውም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ያ ሁሉ ለቀማና ቆጠራ የወጣበት የእጅ ሥራ፣ ቦታውን እንዲያውቅ ያደረገው ድካም ተነቅሎለት እንደ ግድግዳ ወረቀት በጥቅልል ይዘረጋል። የማን ጥለት እንደሆነ፣ የየትኛው አገር ሸማኔ እንደሠራው የሚጠይቅ የለም። የጋሞ ደጋ ሸማኔም ሆነ የሌላው፣ ሁሉም "የኢትዮጵያ ባግራውንድ" ተብሎ አንድ ላይ ይጨፈለቃል።

ባለሙያዎቹን ስታነጋግራቸው መፍትሔ አላቸው። አንደኛው ጥለቱን ማደብዘዝ ነው። "አሁንማ በጭራሽ አይረብሽም" ይሉሃል፤ እውነት ነው፣ እነርሱ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ፣ ትልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ሲያዩት አይረብሽም። በስልክ ላይ ግን የደበዘዘ ጥለት የቅባት እድፍ ይመስላል፤ ሰው በነጠላው ጫፍ ሊጠርገው ይሞክራል። ሁለተኛው መፍትሔ ለፊደሉ ጥላ ማበጀት ነው። ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ መንፈሱ ይቆማል፤ አንባቢው ዓይኑ ሁለት ሁለት ማየት የጀመረ መስሎት ይደነግጣል። ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የተራ ጽሑፍና የመደቡ የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ያሳስባል። ጥሩ፤ ነገር ግን መደቡ ጥለት ሲሆን የቱን ቀለም ከፊደሉ ጋር ታወዳድራለህ? ቢጫው ላይ ያለው ግማሽ ፊደል ያልፋል፤ ጥቁር አረንጓዴው ላይ ያለው ግማሽ ይወድቃል። አንዱ ፊደል ግማሹ አልፎ ግማሹ ወደቀ!

ይህ ሁሉ የሚጎዳው ማንን ነው? ጤነኛ ዓይንና አዲስ ስልክ ያለውን ወጣት አይደለም፤ እርሱ ተራምዶት ያልፋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጎልማሳነት በኋላ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸው። ልጆቻቸው ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ስልክ ልከውላቸዋል። እነርሱ ፊደልን የሚያነቡት እንደ እኛ በጅምላ አይደለም፤ አንድ በአንድ፣ በጣት እየተከተሉ፣ ከንፈር እያንቀሳቀሱ ነው። "ሰ" ናት ወይስ "ሸ" የምትለው ጥያቄ ለእነርሱ ትልቅ ጥያቄ ናት። ለጥለቱ ፎቶ የሄደውን ሜጋባይትም የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ይህን ሁሉ አልፈው አንድ ገጽ አንብበው ቢጨርሱ፣ ያ ሰው ከብዙዎቻችን በላይ ያነበበ ሰው ነው።

የሚገርመው ደግሞ ትክክለኛው አሠራር ምስጢር አለመሆኑ ነው። በየሰዉ እጅ ላይ አለ። ቴሌግራም ስትከፍቱ ከወሬያችሁ ጀርባ ትንንሽ ሥዕሎች የተዘሩበት መደብ ታያላችሁ። መልእክቱ ግን በራሱ ባለ አንድ ቀለም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ጌጡ በዳር፣ ቃሉ በመሐል። ቴሌግራም ስለ አባ ገሪማ ይስማ አይስማ አላውቅም፤ የሠራው ግን የአባ ገሪማን ሥራ ነው።

ፖስትካርድ ላይ፣ የሠርግ ጥሪ ሽፋን ላይ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ከሚል ሁለት ቃል በቀር ሌላ በሌለበት የበዓል ማስታወቂያ ላይ ጥለቱን እንደ ልብ አንጥፉት፤ ከእኔ ጋር ጠብ የለንም። በድረ ገጹም ላይ ቢሆን አናቱ አለ፣ ግርጌው አለ፣ ሁለቱ ዳሮች አሉ፤ ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው መሻገሪያው አለ። ሐረግ የሚገባበት ቦታ ሞልቷል።

"ደንበኛው ነው ያዘዘኝ" ለሚለው ባለሙያ ግን አንድ ነገር ልጠቁመው። ደንበኛውን ቢሮው ድረስ ሄዶ አይከራከረው። በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይውሰደው። ስልኩን ያስይዘው። መነጽሩን ያስወልቀው። ከዚያም ከራሱ ድርጅት ገጽ ላይ የራሱን ቢሮ ስልክ ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ይጠይቀው።